የማን ልጅ ናት? የቮካሎይድ ዘፈኖች ታሪክ ከ«አ» እስከ «ን»

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ነበርን። የሰንበቱ ዳቦ እየተጋገረ ነው፤ የእህቴ ልጅ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ በስልኳ ዘፈን ከፍታለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ትንፋሽ የማይወስድ የሴት ልጅ ድምፅ። እናቴ ጥቂት አዳመጠችና «ይቺ ልጅ ማን ናት?» አለች።

«ሚኩ ናት፣ እምዬ።»

«የማን ልጅ ናት?»

የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ሳቋ መጣ። «የማንም አይደለችም! ሰው እኮ አይደለችም፣ ኮምፒውተር ናት።» እናቴ እጇን ጠረገችና «ሰው ካልሆነች ታዲያ ማን አስተምሯት ነው እንዲህ የምትዘፍነው?» ብላ ወደ ዳቦዋ ዞረች።

ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሞአዶናችን ከሚመጡት ልጆች ጥቂት የማይባሉት እነዚህን ዘፈኖች በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ ያውም ጃፓንኛ ሳይችሉ። ወላጆች ደግሞ ይሰሙና ግራ ይገባቸዋል። «ይኼ ምኑ ነው ዘፈን?» የሚለኝ አባት አለ። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔት የእናቴን ጥያቄ ለመመለስ ልሞክር፤ እግረ መንገዴንም ልጅና ወላጅ አብረው ቢሰሟቸው ደስ የሚለኝን ዘፈኖች ልጠቁም። የደረደርኳቸው በዘመን ሳይሆን ርእሳቸው በሚጀምርበት ድምፅ ነው። ጃፓኖች የዘፈን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ያደርጋሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ድምፅ

ካና የሚባለው የጃፓን ጽሕፈት ከእኛ ፊደል ጋር አንድ ጠባይ ይጋራል፤ አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል። እኛ «ከ ኩ ኪ ካ ኬ ክ ኮ» ስንል እነሱ «ካ ኪ ኩ ኬ ኮ» ይላሉ። የእኛ ሰባት ቤት ነው፣ የእነሱ አምስት። መሠረታዊዎቹ ምልክቶች 46 ሲሆኑ መስመሮቹ አ፣ ካ፣ ሳ፣ ታ፣ ና፣ ሃ፣ ማ፣ ያ፣ ራ፣ ዋ እያሉ ይሄዳሉ፤ መጨረሻ ላይ «ን» ለብቻዋ ትቆማለች። «ጋ» ከካ መስመር፣ «ዳ» ከታ፣ «ባ» እና «ፓ» ከሃ ጋር ይቆጠራሉ። ይህ ተራ የቡድሃ መነኮሳት ሳንስክሪት ሲያጠኑ ከሕንድ ከተማሩት ሥርዓት የመጣ ነው። እኛም ሁለት ተራ አለን፦ «ሀ ለ ሐ መ» እና «አ በ ገ ደ»። ሁለተኛውን ልጆቻችን ሳያውቁት በየትምህርት ቤታቸው «አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት» እያሉ ይማሩታል።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ቮካሎይድ የሚሠራው በዚህ ነው። ቮካሎይድ ዘፋኝ ሳይሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራው የጃፓኑ ያማሃ ባርሴሎና ካለው የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2000 ምርምሩን ጀመረ። ሥራውን የመራው ኬንሞቺ ሂዴኪ ነው። አንድ ሰው ስቱዲዮ ይገባና የቋንቋውን ድምፆች፣ አንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ጭምር፣ አንድ በአንድ ያሰማል። ያ ሁሉ ተቀድቶ ይቆራረጣል። ከዚያ ዜማ የሚያወጣው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ዜማውንና ቃሉን ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ቁርጥራጮቹን እየቀጠለ ይዘፍናል። ጃፓንኛ ክፍለ ቃሉ ቀላል ስለሆነ 500 ያህል ቁራጭ ይበቃዋል፤ እንግሊዝኛ ግን 2,500 ያህል ይፈልጋል። ቮካሎይድ ጃፓን ውስጥ እንዲህ የሰመረበት አንዱ ምክንያት ይኼ ይመስለኛል።

የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ሊዮን እና ሎላ በ2004 መጀመሪያ ከእንግሊዝ ወጡ። ብዙ ሰው አላያቸውም። በዚያው ዓመት ሳፖሮ ከተማ ያለው ክሪፕተን የሚባል ድርጅት ሜይኮን፣ በ2006 ደግሞ ካይቶን አወጣ፤ ካይቶ መጀመሪያ ላይ ገበያ አጣ። ነሐሴ 31 ቀን 2007 ሃትሱኔ ሚኩ መጣች። ስሟ «የመጀመሪያ ድምፅ»ን እና «መጪ ጊዜ»ን ያጣመረ ነው። ድምፁን የሰጠችው ተዋናይቷ ፉጂታ ሳኪ ናት፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን አረንጓዴ ጸጉርና ሁለቱን ረጃጅም ጭራዎች የሳለው ኬይ የተባለ ሠዓሊ ነው። ዕድሜዋ 16 ተብሎ ተጻፈ። እንግዲህ እናቴ «ማን አስተምሯት ነው» ላለችው፣ ፉጂታ ሳኪ የመጀመሪያዋ መምህሯ ናት ማለት ነው። ሌሎቹን ከዘፈኖቹ ጋር እናገኛቸዋለን።

የአ መስመር

ሰፊው መስመር ይኼ ነው፤ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ ሁሉም እዚህ ይገባሉ።

በ«ኢ» ልጀምር። «ኢኤቫን ፖልካ» የፊንላንድ የባህል ዘፈን ነው። ሚኩ ለሽያጭ ከወጣች ገና አምስት ቀን ሳይሞላት፣ መስከረም 4 ቀን 2007፣ ኦቶማኒያ የተባለ ሰው እሷን አዘፍኖት ኒኮኒኮ በሚባለው የቪዲዮ መድረክ ላይ አወጣው። ኒኮኒኮ ላይ የተመልካቹ አስተያየት በምስሉ ላይ እየተንሳፈፈ ያልፋል፤ ብቻህን ብታይም ከሰው ጋር የምታይ ይመስልሃል። በሥዕሉ ላይ ትንሽ ሆና የተሳለችው ሚኩ ባሮ ሽንኩርት ታወዛውዛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሮ ሽንኩርት የእሷ ምልክት ሆኖ ቀረ፤ ድርጅቱ አላሰበውም፣ የሸጠው ማስታወቂያም የለም። አንድ ሰው ቀለደ፣ ሌላው ሣለ፣ ሺዎች ተቀበሉት። የቮካሎይድ ታሪክ ከሞላ ጎደል በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

በ«አ» ደግሞ «አኩ ኖ ሙሱሜ» አለ፣ ትርጉሙ «የክፋት ልጅ»። ሞቲ የሚባለው ደራሲ በሚያዝያ 2008 አወጣው። የምትዘፍነው ካጋሚኔ ሪን ናት፤ ሪን እና ሌን በ2007 መጨረሻ የወጡ ሁለት ድምፆች ሲሆኑ፣ ሁለቱም የአንዲት ተዋናይት፣ የሺሞዳ አሳሚ፣ ድምፅ ናቸው። ዘፈኑ ሕዝቧን ስለምትጨቁን የ14 ዓመት ንግሥት ይተርካል፤ ሕዝቡ ይነሣል፣ ንግሥቲቱ ትያዛለች፣ ሞት ይፈረድባታል። ሰሚው ታሪኩ አለቀ ብሎ ቁጭ አለ። ወሩ ሳያልቅ ግን ሁለተኛው ዘፈን «አኩ ኖ መሺትሱካይ»፣ «የክፋት አሽከር»፣ ወጣ፤ በእሱ ውስጥ ያንኑ ታሪክ ሌን ይነግረናል። አሽከሩ ለካ መንትያ ወንድሟ ነው፤ ልብሷን ለብሶ በእሷ ፈንታ ይሞታል። የመጀመሪያውን እንደገና ስትሰማው ሌላ ዘፈን ይሆንብሃል። ሁለቱን በዚህ ተራ ስሟቸው እንጂ አታቀላቅሉ። ከልጅ ጋር ተቀምጦ «ንግሥቲቱ ጥፋተኛ ናት? ወንድሟስ ልክ ሠራ?» ብሎ ለመጨዋወት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። በኋላ ታሪኩ በተከታታይ ልብ ወለድ ሆኖ ወጥቷል።

አሁን ከባዱን ላንሣ። «ኢኖቺ ኒ ኪራዋረቴ ኢሩ» ማለት «በሕይወት የተጠላን» እንደ ማለት ነው። ካንዛኪ ኢዮሪ በ2017 ጻፈው። ሰው በቀላሉ «ሕይወትህን አትጥላ» ሲል የሚቆጣ ሰው ድምፅ ነው፤ ጨለማ ነው፣ አልደብቅም። መጨረሻው ግን መኖርን ይዞ ይወጣል። በ2021 መጨረሻ ማፉማፉ የተባለው ዘፋኝ ኮሃኩ ላይ ዘፈነው፤ ኮሃኩ መላው ጃፓን በዓመት መለወጫ ዋዜማ የሚያየው ትልቁ የቴሌቪዥን የዘፈን ዝግጅት ነው። አያትና ልጅ በአንድ ሳሎን ሆነው ሰሙት ማለት ነው። አንዲት እናት ይህን ዘፈን ልጇ ስልክ ላይ አግኝታ ደንግጣ «ልሰርዘው እንዴ?» ብላኛለች። አይሰረዝ። አብረሽው ስሚና «የቱ ጋ ነው ልብህን የሚነካህ?» ብለሽ ጠይቂው። ልጅ ራሱን ካገለለ፣ ከምግብና ከእንቅልፍ ከራቀ ግን ነገሩ የዘፈን አይደለም፤ ዔራን በ1201 ስልክ ላይ አለ፣ ወላጅም መደወል ይችላል።

በ«ኡ» በኩል «ኡራኦሞቴ ላቨርስ» አለ፤ ዎዋካ በ2009 ያወጣው። ቃሉ እንደ በረዶ ይወርዳል፤ ሰው ይዝፈነው ቢባል ምላሱ ይታሰራል። ዎዋካ ማሽኑን ሰው እንዲመስል አላስገደደውም፤ ማሽኑ የሚችለውን ሰው ግን የማይችለውን አዘፈነው። በ2011 «አንሃፒ ሪፍሬይን» መጣ። ከእሱ በኋላ የመጡ ወጣቶች ይህን ፍጥነት ተቀባበሉት፤ ዛሬ «የቮካሎይድ ስልት» የሚባለው ጥድፊያ በብዙው የእሱ አሻራ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የካ መስመር

«ካጌሮ ዴይዝ» የጂን ነው፣ 2011። በአንድ የነሐሴ ቀን ውስጥ የሚመላለስ ሞት፤ ልጁ ሊያድናት ይሞክራል፣ ቀኑ እንደገና ይጀምራል። ከዘፈኑ ልብ ወለድ፣ ከልብ ወለዱ በ2014 የቴሌቪዥን አኒሜ ወጣ። «ካሚፖይ ና» ፒኖኪዮፒ በ2021 ያወጣው ነው፤ ለሁሉ ነገር አምላክ አምላክ የሚል ቅጽል በሚለጥፍ ዘመን ላይ ይቀልዳል፤ ሃይማኖተኛ ወላጅ ርእሱን ብቻ ሰምቶ አይቆጣ። «ኪንግ» የካናሪያ ነው፣ 2020፣ ጉሚ በምትባለው ድምፅ፤ ከበሮውን ልጆቹ ይወዱታል፣ እኔ ብዙም አልገባኝም። «ጎስት ሩል»ን ዴኮ 27 በ2016 አወጣው።

እዚህ መስመር ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በጃፓንኛ «ካ» እና «ጋ» አሉ፣ «ቃ» የለም። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ»ም የሉም። ቮካሎይድ ጃፓንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ ኮሪያኛና ቻይንኛ ድምፆች ወጥተውለታል፤ አማርኛ በዚያ ውስጥ የለም። ሚኩን «ቆንጆ» በይ ብትሏት «ኮንጆ» ነው የምትለው። አትሳቁባት፤ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንም «ኮንጆ» ነው የሚሉት።

የሳ መስመር

«ሰንቦንዛኩራ» ማለት «ሺህ የቼሪ ዛፍ» ነው። ኩሮኡሳ የተባለው አቀናባሪ መስከረም 17 ቀን 2011 አወጣው። በጃፓን የቆየ ዜማ መንፈስ የተሠራ፣ ፈጣን፣ እግር የሚያነሣ ዘፈን ነው። ይህን ዘፈን የመረጥኩት ግን በ2015 መጨረሻ በሆነው ነገር ነው፤ ኮባያሺ ሳቺኮ ኮሃኩ ላይ ዘፈነችው። ኮባያሺ በ1953 የተወለደች፣ ኤንካ በሚባለው የትልልቆች የትዝታ ዘፈን ስም ያተረፈች ሴት ናት። በእኛ ስሌት አንዲት አንጋፋ የትዝታ ዘፋኝ ልጆች መኝታ ቤታቸው ሆነው ለኮምፒውተር የጻፉትን ወስዳ መድረክ ላይ አቆመችው ማለት ነው። ዘፈን ከትልቅ ወደ ትንሽ ይወርዳል ሲባል ነው የለመድነው። ይኼ ሽቅብ ወጣ። ለአያቶች መጀመሪያ የሚከፈት ዘፈን ፈልጋችሁ ከሆነ እሱን ክፈቱ፤ በሻሚሴን፣ በኮቶና በከበሮ የተጫወቱት ዋጋኪ ባንድ የሚባሉ አሉ፣ የእነሱም ሸጋ ነው።

«ሱና ኖ ዋኩሴይ»፣ «የአሸዋ ፕላኔት»፣ የሃቺ ነው። ሃቺ ትክክለኛ ስሙ ዮኔዙ ኬንሺ ነው፤ በ1991 ቶኩሺማ ተወለደ። ገና ወጣት እያለ በቮካሎይድ ዘፈን ስም አወጣ፤ በ2012 ሚኩን ትቶ በራሱ ድምፅ መዝፈን ጀመረና ከጃፓን ታላላቅ ዘፋኞች አንዱ ሆነ። በ2017 የሚኩ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ዝግጅቱ ዘፈን እንዲሠራ ጠየቀው። ተመልሶ መጣና የቮካሎይድን መንደር ምድረ በዳ አድርጎ ጻፈው! ብዙ ሰው ተቀየመ። «ትቶን ሄዶ ይሰድበናል» አሉ። እኔ ስድብ ሆኖ አልተሰማኝም፤ ያደገበትን መንደር ከዓመታት በኋላ ያየ ሰው ነው የሚናገረው። አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ወላጅ ሁሉ ይህን ዓይነት ንግግር ያውቀዋል።

«ሻርል» የባሉን ነው፣ 2016፤ መለያየትን ይዘፍናል።

የታ መስመር

«ቴል ዩር ወርልድ» የኬዚ ነው። በ2011 መጨረሻ በጃፓን የጉግል ክሮም ማስታወቂያ ላይ ወጣ። ማስታወቂያው የሚያሳየው ሚኩን ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ዜማ ሲጽፍ፣ ሌላው ሲስል፣ ሌላው ሲጨፍር፣ ሁሉም በየቤቱ። ገና ለማያውቅ ሰው ነገሩን በአንድ ደቂቃ የሚያስረዳ ነው። ዘፈኑ ንጹሕ ነው፣ ለሁሉም ዕድሜ።

ከዚያ ቴቶ አለች። ካሳኔ ቴቶ በሚያዝያ 1 ቀን 2008 ለአፕሪል ውሸት የተፈጠረች ናት። ጥቂት ቀልደኞች «አዲስ ቮካሎይድ ወጣ» ብለው ለማታለል ሥዕል ሠሩላት፣ ታሪክ ጻፉላት። ነገር ግን በዚያው ወቅት ኡታኡ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ወጥቶ ነበር፤ በኡታኡ ማንም ሰው የራሱን ድምፅ መስጠት ይችላል። ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ «አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ» እያለ፣ ልክ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ገበታ ይዞ ፊደል እንደሚቆጥረው፣ ድምፁን በተራ ይቀዳል። በዚህ መንገድ ቀልዷ ቴቶ እውነተኛ ድምፅ አገኘች። ዓመታት ቆይታ በ2023 በአዲስ ቴክኖሎጂ ተሠርታ ወጣች፤ በ2024 የሂራጊ ማግኔታይት «ቴቶሪስ» በእሷ ድምፅ ከልጆች አፍ አልጠፋ አለ። ውሸት ሆና የተወለደች ልጅ በ16 ዓመቷ እውነት ሆነች።

ናና ያ

በነዚህ ሁለት መስመሮች የምወዳቸው ጥቂት ናቸው። ዴኮ 27 በ2009 ያወጣው «ኒሶኩ ሆኮ» በርእሱ ይጫወታል፤ በሁለት እግር መሄድ የሚለውን ቃል በሁለት ትንፋሽ መሄድ አድርጎ ጽፎታል። ድምፁ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሁለት። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በያ የዚሁ ሰው «ዮዋሙሺ ሞንብላን» አለ። እንለፍ።

የሃ መስመር

«ሃትሱኔ ሚኩ ኖ ሾሺትሱ» ማለት «የሃትሱኔ ሚኩ መጥፋት» ነው። ኮስሞ በ2008 ያወጣው ረጅሙ ዘፈን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያናወጠ ነው። ሚኩ ራሷ ትናገራለች፤ ሰውን የምትመስል ብቻ እንደሆነች ታውቃለች፣ ልትጠፋ ነው፣ ሳትጠፋ የቀራትን ሁሉ ለመናገር ትሮጣለች። ለዚያ ነው ቃሉ እንዲያ የሚፈጥነው፤ ፍጥነቱ ጌጥ አይደለም፣ ጊዜ ያጠረው ሰው ንግግር ነው። የእህቴ ልጅ ዓርብ ዕለት የከፈተችው ይኼንኑ ነበር።

«ቢተር ቾኮ ዴኮሬሽን»ን ሹዱ በ2018 አወጣው። ሹዱ በ2020 ለአዶ «ኡሴዋ»ን የጻፈላት ሰው ነው። «አዶ»ን የማያውቅ ወጣት ያለ አይመስለኝም፤ እሷም የተነሣችው የቮካሎይድ ዘፈን ቤቷ ሆና እየዘፈነች ነው። የዮአሶቢ አቀናባሪ አያሴም ከዚሁ መንደር ነው። እንግዲህ ዛሬ የጃፓን ዘፈን ተብሎ ዓለም የሚሰማው ብዙው በዚህ በር ያለፈ ነው።

የማ መስመር

እንደ አ መስመር የሞላ ነው። «ሚኩ ሚኩ ኒ ሺቴ አገሩ» መስከረም 20 ቀን 2007 ወጣ፤ አቀናባሪው ኢካ ነው። ቀላል፣ ደስ የሚል፣ ሚኩ ስለ ራሷ የምትዘፍነው። ግን ከበስተኋላው ጭቅጭቅ አለ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ዘፈኑ መብት በሚያስጠብቀው ተቋም ሲመዘገብ የዘፋኙ ስም ላይ «ሃትሱኔ ሚኩ» ተብሎ ተጻፈ፤ ሕዝቡ ተቆጣ። ይህ የማን ነው? የአቀናባሪው፣ የድምፁ ባለቤት፣ የሠዓሊው፣ ወይስ የድርጅቱ? የእናቴ ጥያቄ ይኸው ነው፣ «የማን ልጅ ናት?» ክሪፕተን በታኅሣሥ 2007 ፒያፕሮ የሚባል ቦታ ከፈተ፤ ሰው ሥዕልና ዜማ እያስቀመጠ ሌላው እንዲሠራበት የሚፈቅድበት። ትርፍ እስካልተፈለገ ድረስ ሚኩን መሳል ተፈቀደ። ይህ ባይሆን ኖሮ ባሮ ሽንኩርቷም፣ ሺዎቹ ሥዕሎችም በጠበቃ ደብዳቤ ይቆሙ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ሜልት» ታኅሣሥ 7 ቀን 2007። አቀናባሪው ርዮ። እስከዚያ ድረስ ሚኩ ብዙ ጊዜ የምትዘፍነው ስለ ሚኩ ነበር፤ በ«ሜልት» ግን እንደ ማንኛዋም ልጅ ስለምትወደው ልጅ ዘፈነች። ርዮ ለቪዲዮው ያለ ፈቃድ የአንድ ሠዓሊ ሥዕል ተጠቅሞ ነበር፤ በኋላ ይቅርታ ሊጠይቅ ጻፈ። ሠዓሊው በመቆጣት ፈንታ «አብሬህ ልሥራ» አለው፤ ከዚያ ሱፐርሴል የሚባለው ቡድን ተወለደ። ልጆቼን ይህን ታሪክ ሳጫውታቸው ከዘፈኑ በላይ ወደዱት። በሰው ንብረት ሳይጠይቁ መጠቀም ስሕተት ነው፣ ይቅርታ መጠየቅ ግን እንዲህም ያፈራል። «ሜልት»ን ደግሞ ሰዎች በራሳቸው ድምፅ እየዘፈኑ ማውጣት ጀመሩ፤ የቤት ዘፋኞች የሚባሉት በዚያን ጊዜ በረከቱ።

«ማትርዮሽካ» የዚያው የሃቺ ነው፣ ነሐሴ 2010፤ ቪዲዮውንም ራሱ ነው የሣለው። በ2024 የወጣው «መዝመራይዘር» የሳትሱኪ ነው፤ ሚኩና ቴቶ ይዘፍኑታል፣ በዩቲዩብ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። ፊታቸው ይስቃል፣ ነገሩ ግን ስለ መደንዘዝ ነው፤ ቪዲዮውን በጥንቃቄ ያየ ልጅ እጆቻቸው ሌላ ነገር እንደሚናገሩ ያያል። የተቀረውን ራሳቸው ያስረዷችሁ።

የራ መስመር

በጃፓንኛ ከጥንት የነበረ ቃል በ«ራ ሪ ሩ ሬ ሮ» አይጀምርም ማለት ይቻላል። በዚህ መስመር የሚገቡት ከቻይና ወይም ከፈረንጅ የመጡ ቃላት ናቸው። ስለዚህ የራ ዘፈኖች ሁሉ በስደተኛ ስም ይጠራሉ፦ «ሮሚዮ እና ሲንደሬላ» የዶሪኮ፣ 2009፤ «ሮኪ» የሚኪቶ፣ 2018፣ አቀናባሪው ራሱ ከሪን ጋር እየተቀባበለ የሚዘፍነው፣ ሰውና ማሽን አንድ ማይክሮፎን ላይ።

እና «ሮሊንግ ገርል»። ዎዋካ፣ የካቲት 14 ቀን 2010። እየወደቀች፣ እየተንከባለለች፣ «አንዴ ብቻ» እያለች እንደገና ስለምትነሣ ልጅ ነው። ይህን ዘፈን በጥሩ የማትለይ ወጣት ሞአዶናችን ውስጥ የለችም። ዎዋካ ከጊዜ በኋላ ሂቶሪዬ የሚባል ባንድ መሥርቶ በራሱ ድምፅ መዝፈን ጀመረ። በ2017 ለሚኩ አሥረኛ ዓመት አንድ ጊዜ ተመለሰ፤ የጻፈው ዘፈን «አንኖውን ማዘር ጉስ» ይባላል፣ በአ መስመር ያለፍኩት ለዚህ ነበር። ሃቺ ምድረ በዳ ባየበት ዓመት ዎዋካ ፍቅር ነው የጻፈው። ሚያዝያ 5 ቀን 2019 በልብ ሕመም በድንገት ዐረፈ። 31 ዓመቱ ነበር። የተቀሩት የባንዱ አባላት ሦስት ሆነው ቀጠሉ።

ለእናቴ ይህን ስነግራት «ነፍሱን ይማር» አለችና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ይቺ ልጅ ዛሬም ትዘፍንለታለች?» አለችኝ። ትዘፍናለች። ሚኩ አታረጅም፣ አትሞትም፣ የ16 ዓመት ልጅ ናት። የጻፈላት ሰው ግን ሰው ነበር፤ ዘፈኑ ውስጥ የሚሰማው ድካምም የእሱ ነው። ልጆች «ኮምፒውተር ናት» ሲሉ ይህን እንዳይረሱ እፈልጋለሁ።

የዋ መስመር

«ወርልድ ኢዝ ማይን» ካናው «ዋ» ብሎ ስለሚጀምር እዚህ ይገባል። የርዮ ነው፣ 2008፤ ራሷን ልዕልት አድርጋ የምታስብ ልጅ። ቅልጥፍጥፍ ያለች፣ የምታስቅ። መጋቢት 9 ቀን 2010 ቶኪዮ ውስጥ ሚኩ በብርሃን መድረክ ላይ ቆማ፣ ሰዎች ከኋላዋ ጊታርና ከበሮ እየተጫወቱላት ዘፈነችው። ቀኑ የተመረጠው በድምፁ ነው፤ ሦስት «ሚ»፣ ዘጠኝ «ኩ» ይባላል። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በግንቦት 2010፣ ጃፓን አካትሱኪ የተባለችውን መንኮራኩር ወደ ቬነስ ስትልክ የሚኩ ሥዕል የታተመበት ብረት አብሮ ሄደ። አድናቂዎቿ ፊርማ አሰባስበው ለምነው ነው።

የዎዋካ «ወርልድስ ኤንድ ዳንስሆል»ም በዋ ነው፣ 2010፤ ሚኩና ሜጉሪኔ ሉካ እየተቀባበሉ።

ከዚያ «ን» ብቻ ትቀራለች። በጃፓንኛ በ«ን» የሚጀምር ቃል የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ እዚህ የማስገባው ዘፈን አላገኘሁም። ጽሑፉን ለእህቴ ልጅ ሳነብላት እዚህ ስደርስ አቋረጠችኝ፤ «በአማርኛ ግን አለ» አለች፣ «ንብ»። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ቤት ስገባ ሁለቱ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፣ ስልኩ መሀላቸው። ኡታኡን አውርዳ አማርኛ የሚዘፍን ድምፅ ልትሠራ ተነሥታለች፤ በራሷ ድምፅ ሞክራ «ቀ»ዋ «ከ» እየሆነ አስቸገራት። እናቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅቷ ከገበታው ታነባለች፣ አያቷ ትደግማለች፣ ስልኩ ይቀዳል። ልጅቷ «ከ» ስትል እናቴ «ኧረ ‹ቀ› በይ! ከጉሮሮሽ አውጪው» ትላታለች። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ እንደገና ይጀምራሉ። ባለፈው ዓርብ ገና «ቀ ቁ ቂ» ላይ ነበሩ።